የግራፊክስ ካርዳችን ትኩሳት

ሰው የሚናዘዘው ሲጸጸት ነው ያላችሁን ሰው አትመኑት። ሰው የሚናዘዘው ካቻቢቴ ሲያይ ነው! እኔ እንኳ ስንት ዓመት ሙሉ ስብከት ሰምቻለሁ። የእሁዱን አምልኮ፣ የረቡዑን ጸሎት፣ የዓመቱን ኮንፈረንስ... አንድም ቀን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «እኔ ነኝ» ብዬ አላውቅም። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ የዲላ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሳሎናችን ውስጥ ተንበርክኮ አራት ብሎን መፍታት ሲጀምር፣ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሆድህ ውስጥ ምን ነበር? ትሉኝ ይሆናል። ቀስ በሉ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ብርቱካን የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማስተርሷን ስትማር ቆይታለች። የመመረቂያ ጽሑፏ የጌዴኦን የቡና መሬት በካርታ የሚያሳይ ነው። የትኛው ኮረብታ ላይ ቡናው አሁንም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንዳለ፣ የትኛው ላይ ጥላው እንደሳሳ በቀለም በቀለም ለይታ አስቀምጣዋለች። ለዚህ ብላ ኮንጋን፣ አሪቻን፣ ባንኮ ጎቲቲን በእግሯም በሞተርም አዳርሳቸዋለች። አንድ ጊዜ ጭቃ ላይ ከሞተር ወድቃ ጉልበቷ ሲላላጥ፣ ከጉልበቷ በፊት ያየችው በእጇ የያዘችውን የቦታ መለኪያ መሣሪያ ነው። ይህን የነገረኝ የሞተሩ ሹፌር ነው። እሷማ እስከ ዛሬ «ትንሽ አዳለጠኝ» ነው የምትለው።

ይህን ካርታ ደህና አድርጎ የሚከፍተው የቤታችን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የትምህርት ቤቷ ኮምፒውተሮች ግማሽ ሰዓት አስበው አስበው በመጨረሻ ደርቀው ይቀራሉ። የእኛው ግን ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ወዳጄ የሸጠልኝ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ጎበዝ ነው። ግራፊክስ ካርድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ኮምፒውተሩ ያሰበውን ስክሪኑ ላይ የምትሥልለት ክፍል ናት። ብዙ ስለምትሠራ ትሞቃለች፣ ስለምትሞቅ የራሷ ትንሽ ፋን አላት። ወዳጄ ሲያስረክበኝ አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ነበር። «ሳሚ፣ ካርዷ ጉልበታም ናት፣ ግን ሙቀት አትወድም። ጨዋታ አታብዛባት» ነበር ያለኝ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ብርቱካን ሥራዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስክሪኑ በወይን ጠጅ መስመር ተዥጎረጎረ። ኮንጋ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀች፣ ባንኮ ጎቲቲ ተንሸራታ አሪቻ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ሁሉም ጨለመ። ብርቱካን አልጮኸችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጨለማውን ስክሪን እያየች «ሳሚ፣ ምን ሆነ?» አለችኝ። አማካሪዋ ካርታዎቹን በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካላየ፣ ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። የሦስት ዓመት ልፋት በአሥራ አንድ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እኔ ግን ምን እንደሆነ የማውቅ መሰለኝ። ምክንያቱም... እንግዲህ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ! ብርቱካን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ አላት። እሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ። እሷን የምላት «የመሥሪያ ቤት ሪፖርት አለብኝ» ነው፤ የምሠራው ግን ኳስ ነው። ያቺ በስክሪን ላይ የምትገፋዋ ኳስ፣ በጣት የምትመታዋ... ልጅ እያለሁ በሠፈር ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ። በዚህ ጨዋታ ግን አምበል ነኝ፣ ሦስት ዋንጫ አንሥቻለሁ። ያን ያህል ሪፖርት የእውነት ጽፌ ቢሆን ኖሮ መሥሪያ ቤታችን ይኼኔ ሌላ መሥሪያ ቤት በወለደ ነበር።

እና ካርዷን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ይህን ለብርቱካን ነገርኳት? አልነገርኳትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ፤ ግን ተረት የተሠራው ለሌላ ሰው ይመስለኛል። ይልቅ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ሐኪም ሆንኩ።

የመጀመሪያው ምርመራዬ ጥፊ ነበር። ኬዙን በመዳፌ ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ... ዝም። ሁለተኛው ሞኒተሩን ነቅዬ ኮምፒውተሩን ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነበር። ኮምፒውተሩ ነቃ፣ ደስ አለን፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ወይን ጠጅ መስመር በትልቁ ቴሌቪዥን፣ በሰፊው መጣ። ቢያንስ ሞኒተሩ ነጻ ወጣ። በማግስቱ ሱቃቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጋሽ ከድር ገና ሳልጨርስላቸው «መብራቱ ነው» አሉ። ጋሽ ከድር ስታቢላይዘር ይሸጣሉ። ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተራችን በተስተካከለ ኃይል መጥፋት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቴ እማማ አስካለ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ካለችው ወንበር አልተነሡም። እማማ የኮንጋ ቡና ገበሬ ናቸው። ለዓይናቸው ሕክምና ዲላ ከመጡ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ከመጡ ጀምሮ ያቺን ማዕዘን ወደዷት። «ይቺ ማዕዘን ሙቀት አላት» ይላሉ። እኛም ለጉልበታቸው ይሆናል ብለን ጋቢ ጨመርንላቸው። ይዘውት የመጡትን ዘንቢልና ከረጢት የት የት እንዳስቀመጡ ጠይቄ አላውቅም። አማት ያስቀመጠችውን ዕቃ የሚፈትሽ አማች እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣም አለና መጮህ ጀመረ። መሥሪያ ቤት ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ነው የሥራ ባልደረባዬ የሰጠኝን የኢንጂነር በራሶን ስልክ የደወልኩት። በራሶ መናኸሪያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ከሬዲዮ ጥገና ተነሥቶ ኮምፒውተር ላይ የደረሰ ሰው ነው። ኢንጂነር ያለው ሕዝቡ ነው፣ እሱም አልተቃወመም። አማርኛውን በጌዴኦኛ ዜማ ነው የሚናገረው። በእሱ አፍ ዕቃ ሁሉ አንዴ ወንድ፣ አንዴ ሴት ነው፤ እጁ ግን አይሳሳትም።

«ሲበራ ትጮሃለች?» አለኝ።

«ይጮሃል።»

«እንዴት ብሎ ነው የምትጮኸው? እስቲ ጩኽልኝ።»

ባጃጁ ውስጥ አንዲት እናትና ሁለት ተማሪዎች አሉ። ምን ላድርግ? ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቲ...ት፣ ቲት፣ ቲት» አልኩ። አልተሰማውም። «ጠንከር አድርገህ!» አለኝ። ጠንከር አድርጌ ደገምኩ። ሾፌሩ ዳር ያዘና ቆመ፤ ዞሮ በትሕትና «ወራጅ ነህ?» አለኝ። እናትየው ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በራሶ ግን በስልኩ ውስጥ «አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር... ግራፊክስ ካርዱ ናት። ይዘሃት ና» አለ። እዚያው ወረድኩ፤ ያን ያህል ጮኼ ወራጅ አይደለሁም እንዴት እላለሁ?

ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። በራሶ ከፈተው፣ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ክፍል አውጥቶ ጥርሱን በላጲስ ፈተገ፣ ካርዷን ነቅሎ አየና አቧራውን እፍ ብሎ መለሳት። አበራው። ሠራ! ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፊልም ሲያሳይ ዋለ፣ መስመር የሚባል ነገር የለም። እየዘመርኩ ወደ ቤት መለስኩት። ቤት ሃያ ደቂቃ አልቆየም፣ ወይን ጠጅ ሆነ።

ቅዳሜ እንደገና ወሰድኩት፣ እንደገና እዚያ ሠራ። ቤት መጣ፣ ጠፋ። ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ በራሶ «የቤትህን ዲቫይደርም፣ ስታቢላይዘሩንም፣ ገመዱንም ይዘህ ና» ብሎኝ ነበርና የኤሌክትሪክ ሱቅ የዘረፍኩ መስዬ ደረስኩ። በእኛው ገመድ፣ በእኛው ስታቢላይዘር ሱቁ ውስጥ ሰካው። እየሳቀ ሠራ! በራሶ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «ወንድሜ» አለ በመጨረሻ፣ «ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነች። በሽታው ያለው ቤትህ ውስጥ ነው።»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑና ይህን ስሙት። በሽታው ቤትህ ውስጥ ነው! እሱ ሱቅ ውስጥ የሌለ፣ እኛ ቤት ውስጥ ግን ያለ በሽታ ማን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም መመንጠሬ አልቀረም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ብርቱካን ወረቀት ላይ በእርሳስ ካርታ መሣል ጀምራ ነበር። «ምናልባት በእጅ የተሠራ ይቀበሉኝ ይሆናል» አለችኝ፤ እንደማይቀበሏት ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እማማ አስካለም ከሁላችን ይልቅ ተጨነቁ። ጠዋት ማታ «ዛሬስ አልዳነችም?» ይላሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍተን በጉጉት ስንጠብቅ እጃቸውን ኬዙ ላይ ጭነው ጸለዩለት። ረጅም ጸሎት ነበር፤ የኔ ስም ሁለት ጊዜ፣ የኮምፒውተሩ አምስት ጊዜ ተጠራ። አሜን ብለው እጃቸውን ሲያነሡ ግን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ትኩሳት አላት» አሉ። «እንደ ዛሬ ሞቃ አታውቅም።»

ይህን ለበራሶ በስልክ እንደ ቀልድ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «ትኩሳት? ማን ነው ያለው?» አለ። አማቴ ናቸው ስለው «ከኛ ሁላችን የተሻሉ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ነገ እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ። እኔን ደግሞ ያቺ ቃል ትዝ አለችኝ። ሙቀት አትወድም፣ ጨዋታ አታብዛባት... ወዳጄ ያኔውኑ አስጠንቅቆኝ ነበር።

ረቡዕ በራሶ ካቻቢቴውን በኪሱ ይዞ መጣ። የቀረን ሁለት ቀን ነው። ኮምፒውተሩን እንደቆመ፣ በተለመደው ቦታው፣ ከጠረጴዛው ሥር አበራውና ተቀመጠ። የጠረጴዛችን ልብስ፣ ብርቱካን ዳንቴል የሠራችለት፣ እስከ መሬት ይወርዳል። በራሶ ሻይውን እየጠጣ መስመሩን ይጠብቃል። እማማ በወንበራቸው፣ ብርቱካን በሩ ላይ፣ እኔ ደግሞ የትም ብሆን ሳይመቸኝ ቆሜያለሁ። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ መስመሩ መጣ። በራሶ አጠፋው፣ ኬዙን ወደ ፊት ሳበና በጎኑ አስተኝቶ ተንበረከከ።

«ምን ምን ይከፈትባታል?» አለ።

«ካርታ ብቻ» አለች ብርቱካን።

«ካርታ ብቻ?» አለ በራሶ። «ካርታ ብቻ እንዲህ አያነድዳትም። ግድ የለም፣ የተከፈተው ሁሉ እዚሁ ውስጥ ተጽፏል። ብሎኑን ልፍታና ውስጡን እንይ፣ ከዚያ መዝገቡን እናየዋለን።»

መዝገብ! የሚመዘግብ መሆኑን ማን ነገረኝ? የመጀመሪያው ብሎን የሻይ ሰሃን ላይ ቅጭል አለ። ሁለተኛው ቅጭል አለ። ብርቱካን እጇን አጣጥፋ የበራሶን እጅ እያየች፣ ፊቷ ላይ ያለው ተስፋ... ያን ተስፋ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ሦስተኛው ብሎን መዞር ሲጀምር «እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ከዚያ በኋላ አፌን ማን ይያዘው? ሪፖርት እንዳልነበረ፣ ኳስ እንደነበረ፣ ማክሰኞም ሐሙስም ቅዳሜም እንደነበረ፣ ወዳጄ እንዳስጠነቀቀኝ፣ ካርዷን ያቃጠልኳት እኔ እንደሆንኩ... ሦስቱን ዋንጫ ሳይቀር ተናገርኩ። ዋንጫውን ማን ጠየቀኝ?

«ስንት ሰዓት ተጫውተሃል?» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ።

«ጨዋታው ራሱ ይቆጥራል» አልኳት።

«ስንት ይላል?»

«ሁለት መቶ አሥር።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቁጣውን እችለው ነበር። እሷ ግን «እኔ እኮ ሪፖርቱ እያስጨነቀህ መስሎኝ» አለች፣ «ልምምድ ከመሄዴ በፊት ሻይ በፔርሙስ አስቀምጥልህ ነበር።» እውነቷን ነው። ያንን ሻይ እየጠጣሁ ነው ዋንጫ ያነሣሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

በራሶ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራውን አላቋረጠም። አራተኛውን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን አነሣ፣ ካርዷን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዟት ሄደ። አገላብጦ አያት።

«ወንድሜ» አለ ቀና ሳይል፣ «ጨዋታ ካርድ አይገድልም። ካርድ የተሠራችው ለጨዋታ ነው። ፋኑ ደከም ብሏል እንጂ አልተቃጠለችም። እሷን ያፈናት ሌላ ነገር ነው።» ከዚያ ከፋኑ ክንፍ ላይ አንዲት ነገር በጣቱ ጫፍ አንሥቶ አሳየን። ቀጭን፣ ነጣ ያለች፣ እንደ ወረቀት የምትንኮሻኮሽ ልጣጭ። ለጌዴኦ ልጅ ይህ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የታጠበ ቡና ገለፈት ነው።

ቡና ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሠራል? በራሶ በጉልበቱ ሄዶ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጠ። እጁን ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ሰደደና አንድ የጨርቅ ከረጢት ጎትቶ አወጣ። ከረጢቱ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ያህል ይሞቃል። ልክ ኮምፒውተሩ ትኩስ ንፋሱን በሚያስወጣበት በኩል፣ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ኮምፒውተሩን ሱቅ በወሰድኩት ቁጥር እኔ የማነሣው ከፊት ነው፣ ከረጢቱ ጥጉ ውስጥ ይቀራል። በመለስኩት ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው በጥንቃቄ መልሶ ያስጠጋዋል።

ሁላችንም ወደ እማማ አስካለ ዞርን። እማማ አልደነገጡም። «ቀስ በል ልጄ፣ እንዳታፈሰው» አሉት በራሶን።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች ብርቱካን።

«ዘር ነው። የአባትሽ ዛፍ ዘር ነው» አሉ። የሞቱት ባለቤታቸው ኮንጋ ጓሮ የተከሉት፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ዘር የሚለምነው ቡና በዚያ ክረምት ጎርፍ ነቅሎት ነበር። ያ ከረጢት የመጨረሻው ፍሬ ነው። «ለዘር የሚሆን ቡና ፀሐይ አይወድም፣ ጭስ አይወድም፣ እርጥበት አይወድም። ለመድረቅ ጥላ ውስጥ ሞቅ ያለ ንፋስ ነው የሚፈልገው። ዘንድሮ ኮንጋ ደመናው አልገለጠም። ሻግቶ ከሚቀር ብዬ ይዤው መጣሁ። እዚህ ብቀመጥ ይቺ ሳጥን በጀርባዋ ደህና ንፋስ ትተነፍሳለች። መጀመሪያ ራቅ አድርጌ ነበር፤ ብርዱ ሲብስ አስጠጋሁት። ይኸው እሷ ከታመመች ጀምሮ ቡናዬም ቆሞ ቀረ።»

ለካ ያ ሁሉ ጸሎት ለዚህ ነው!

እማማ ግን ገና አልጨረሱም። ወደ እኔ ዞር ብለው በሚያሳዝን ቅንነት «ብርቱካን ስትሠራ ለብ ይላል» አሉ። «ደህና አድርጎ የሚሞቀው ሳሙኤል ኳስ ሲጫወት ነው።»

ብርቱካን ዓይኗን አፈጠጠች። «እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ዓይኔ ነው የታመመው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ጎል ሲገባበት ጠረጴዛ ይመታል፣ ሲያገባ ሃሌ ሉያ ይላል። ሪፖርት ሃሌ ሉያ ይባልበታል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቡናው ሊደርስ ሦስት ቀን ነበር የቀረው» አሉ እማማ።

መጀመሪያ የሳቀው በራሶ ነው፣ ካርዷን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ። ቀጥሎ ብርቱካን፤ ላለመሳቅ ታግላ ታግላ አቃታት። እኔ አልሳቅኩም። እኔ እያሰብኩ የነበረው ስለ ብሎን ነው። ለአንድ ብሎን ተኩል ያህል ዝም ብል ኖሮ ከረጢቱ ይወጣ ነበር፣ እኔም ነጻ ሰው ነበርኩ! ከአፍ የወጣ አፋፍ። በራሶም ይህን አልሳተውም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ትንሽ ብትታገሥ ጥሩ ነበር» አለኝ።

አሁን የቀረው ዓርብ ነው። ካርዷ ሦስት ሳምንት ታፍና ስለቆየች ፋኗ ደክሟል፣ አዲሱ ፋን ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። በራሶ «ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ ንፋስ ሳይቋረጥባት ስጧት» ብሎ ሄደ። ማን ንፋስ ይስጣት? እማማ አስካለ ከወንበራቸው ተነሡና ወደ ኩሽና ገቡ። የከሰል ማራገቢያውን ይዘው ተመለሱ። «እኔ ነኝ ያሞቅኳት፣ እኔ አበርዳታለሁ» አሉና ከኮምፒውተሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

እንዲህም ሆነ። ብርቱካን ካርታዋን ከፈተች፤ እናቷ ማራገብ ጀመሩ። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት... መስመር የለም። እማማን ሲደክማቸው እኔ ተተካሁ። ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀኑን ሙሉ አራገብኩ። ፍርዴ ነበር፣ ይግባኝ አላልኩም። ማራገቢያዬ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ብርቱካን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ «ሪፖርት» ትላለች፤ ወዲያው አፈጥናለሁ። ኮንጋ ተጠገነች፣ አሪቻ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ባንኮ ጎቲቲም አረንጓዴዋን ለበሰች። በመሐል ብርቱካን አንዲት ነጥብ በጣቷ ነካች። «ይቺ የአባዬ ጓሮ ናት» አለች። እማማ በታመመው ዓይናቸው ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አዩ፣ አዩ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አላራገበም። ካርዷም ታገሠችን።

ዓርብ ከምሳ በፊት ካርታዎቹ ለአማካሪዋ ተላኩ። ብርቱካን ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬያት... እሺ፣ ይህን ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና እዚያው ፊቴ ጨዋታውን አጠፋችው። ሁለት መቶ አሥር ሰዓት፣ ሦስት ዋንጫ፣ በአንድ ጣት። ቡናው ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ ደረሰ፤ እማማም ይዘውት ኮንጋ ገቡ።

ከገና በኋላ ብርቱካን ጽሑፏን ተከላክላ አለፈች። በምስጋናው ገጽ ላይ እናቷን «ካርታዎቹን ላበረዱልኝ» ብላ አመስግናለች። አማካሪዋ የፊደል ስህተት መስሎት «ላበረታቱኝ» ብሎ ሊያርመው ነበር። እኔን «በቀሩት ሁለት ቀናት ላደረገልኝ እገዛ» ትላለች። ሁለት ቀናት የሚለውን አስምሬበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማማ አስካለ ከኮንጋ ደወሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ይስቃል። ዘሩን መደብ ላይ አፍስሰውት ሁሉም በቅሏል፣ አንድም የቀረ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እያየ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ እንኳን ደስ ያለዎት ስላቸው አቋረጡኝ። ለሚመጣው ጥቅምት ሦስት ጎረቤቶቻቸው የየራሳቸውን ዘር ይዘው ሊመጡ ተስማምተዋል። ከረጢቱን ራቅ አድርገው እንደሚያስቀምጡት፣ በራሶ እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድ በክንድ ለክቶ እንዳሳያቸው ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን በካርታ ብቻ አይሆንም፣ ለብ ነው የሚለው» አሉና «ብርቱካንን ስጠኝ» አሉኝ።

ሰጠኋት። ብርቱካን «እሺ እማዬ... እሺ... አይ እሱማ... እሺ» እያለች ብዙ ሰማች። ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ጨዋታውን መልሰህ ጫነው» አለች። «እማዬ ያለችው ግን ከጥቅምት ጀምሮ ነው። እስከዚያ የእውነት ሪፖርት ጻፍ።»

ይኸው ጻፍኩ።